ቦታው ሰው አለው

አንድ የእንሰት አገር ነበረ። በዚያ አገር የእንሰት ችግኝ አይሸጥም፤ ሴት ለሴት ትሰጠዋለች። እናት ለምትዳር ልጇ፣ ጎረቤት ለጎረቤቷ ከነአፈሩ በኮባ ጠቅልላ ታስረክባለች። ተቀባይዋ ምንም አትከፍልም፤ አንድ ግዴታ ግን አለባት። ጓሮዋ የገባ ሰው "ይቺን ከማን አገኘሻት?" ብሎ ሲጠይቃት የሰጪዋን ስም መጥራት አለባት። ሰጪዋ ብትሞትም፣ ተጣልተው ቢኳረፉም ስሟ ይጠራል። ስም ያልጠራች ሴት እንሰቷን እንደሰረቀች ነው የሚቆጠረው፤ ቆጮ ስትፍቅ የሚያግዛት ሰው አታገኝም።

በዚያ አገር አበራሽ የምትባል ልጅ ነበረች። እናቷ በሕፃንነቷ ስለሞተችባት ያሳደገቻት አክስቷ እትዬ አስካለ ናት። ልጅቷ ትምህርት ሆነላትና ከመንደር ወደ ከተማ፣ ከከተማ ወደ ባሕር ማዶ እያለች ሞለኪውላር ባዮሎጂስት ሆና ተመለሰች፤ በዋና ከተማው በአንድ የምርምር ተቋምም ሥራ ያዘች። ሞለኪውላር ባዮሎጂ የሕያዋንን ጠባይ በዓይን በማይታየው ዘረ መላቸው ውስጥ ገብቶ የሚመረምር ሙያ ነው ይላሉ። እትዬ አስካለ ግን ለጠየቃት ሁሉ "ልጄ የእንሰት ሐኪም ናት" ትል ነበር። እኔም ከዚህ አሳጥሮ ያስረዳኝ ሰው አላጋጠመኝም።

አንድ ክረምት አጠውልግ የሚሉት በሽታ መንደሩ ገባ። የእንሰቱ የመሃል ቅጠል ቢጫ ይሆንና ይጠወልጋል፤ ግንዱ ሲቆረጥ መግል የመሰለ ፈሳሽ ያወጣል፤ ከዚያ በኋላ ተስፋ የለውም። የታመመውን የነካ ቢላዋ ጤነኛውን ከነካው እሱም ይከተላል። ጓሮው ሁሉ አለቀ። በእትዬ አስካለ ጓሮ ግን አንዲት እንሰት ሳትወድቅ ቀረች። ስትዳር እናቷ የሰጠቻት ዝርያ ናት። ቆጮዋ ጥቂት ነው ብለው ሌሎቹ ሴቶች ከተዉዋት ስለቆየ፣ በአገሩ ከእሷ ጓሮ በቀር ሌላ ቦታ አልነበረችም።

አበራሽ ይህን ስትሰማ ከተማዋን ትታ መጣች። በሽታው ይቺን እንሰት ለምን እንዳልጣላት ማወቅ ፈለገች። ለዚህ ግን ቅጠል መቁረጥ ብቻ አይበቃም። ልጆች እንድታወጣ ከነሥሯ መነቀል ነበረባት፤ ልጆቿም በሽታው ሆን ተብሎ ተሰጥቷቸው መፈተን ነበረባቸው።

"እትዬ፣ ያለችሽ እሷ ብቻ ናት" አለች አበራሽ አፍራ፤ "እንዴት ብዬ ልውሰዳት?"

"ብቻዋን ምን ታደርግልኛለች? የመንደሩ ጓሮ ባዶ ሆኖ እኔ አንዷን እያየሁ ልኑር? ውሰጃት" አለች እትዬ አስካለ። "ልጆች ስታወጣ አንዷን መልሺልኝ። ጉድጓዷን እጠብቅላታለሁ።"

"በሚቀጥለው ክረምት ይዤልሽ እመጣለሁ" አለች አበራሽ። ይህን ያለችው ከልቧ ነበር።

እንሰቷ ከተማ ገባች፤ በተቋሙ ግሪንሃውስ፣ ችግኝ በሚያድግበት የመስተዋት ቤት፣ ተተክላ ልጆች አወጣች። ስሟም ተለወጠና ናሙና ሰባት ተባለች። በሽታው ተሰጣት፤ አልወደቀችም። አበራሽ ብዙ ደክማ የሚከላከልላትን ዘረ መል አገኘችው፤ ጽሑፏም በታላቅ መጽሔት ላይ ወጣ።

ሳይንቲስቶች ሲጽፉ፣ ሐሳቡን ያገኙበትን ሰው ስም መጥራት ግዴታቸው ነው። በዚህ ከእንሰት አገር ሴቶች አይለዩም። የዶክተር አበራሽ ስም በሩቅ አገር ጽሑፎች መጠቀስ ጀመረ። ማን እንደጠቀሳት፣ ስንት ጊዜም እንደተጠቀሰች የሚያሳይ ገጽ ኮምፒውተሯ ላይ ነበር፤ ጠዋት ቢሮዋ ስትገባ ኮቷን ሳታወልቅ የምትከፍተው እሱን ነው። ቁጥሩ ከፍ ካለ ቀኑ ይበራላታል። ካልጨመረ ያገኘችውን ሁሉ ስትቆጣ ትውላለች። እናቷ በሕፃንነቷ የተለየቻት ልጅ ናትና ስሟ ሲጠራ መስማት ትናፍቅ ነበር። ግን የሚጠሯትን ሰዎች አንዳቸውንም አታውቃቸውም፣ እነሱም አያውቋትም፤ ስለዚህ የቱንም ያህል ቢጠሯት ናፍቆቷ አልወጣላትም።

መስቀል በደረሰ ቁጥር ለአክስቷ ትደውላለች። እትዬ አስካለ የሰውን ጤና ጠይቃ ስታበቃ ወደ እንሰቷ ትሄዳለች።

"ደህና ናት? ልጆች አወጣች?"

"አውጥታለች፣ እትዬ። ብዙ ናቸው።"

"እሰይ! መቼ ትመጪያለሽ ታዲያ?"

"አንድ ጽሑፍ ቀርቶኛል። እሱ ይታተም እንጂ ወዲያው እመጣለሁ።"

ጽሑፉም ታተመና አበራሽ በደስታ ደወለች። "እትዬ፣ ወጣልኝ! በዓለም ላይ ያሉ ሰዎች እያነበቡት ነው!"

"እልልል! ታዲያ ተከሏት?"

አበራሽ ከት ብላ ሳቀች። ይህን ጥያቄ ለባልደረቦቿ ምሳ ላይ አወራችላቸው፤ እነሱም ሳቁ። የአክስቷ ጥያቄ የቀልድ አልነበረም፤ አበራሽ ግን እንደቀልድ አለፈችው። ቀጥሎ ሌላ ጽሑፍ መጣ። ገምጋሚዎች ተጨማሪ ሙከራ ጠየቁ። ሌላ አገር ያሉ ተመራማሪዎች እንዳይቀድሟት ፈራች፤ በግሪንሃውሱ ያለው ችግኝም ሁሉ ለሙከራ ተፈለገ። ክፉ ሴት አልነበረችም። ሥራዋ ታትሞ ስለወጣ ብቻ ለሁሉም የደረሰ ይመስላት ነበር፤ እንዲህ ያለው ስሕተት ደግሞ የሚደርሰው የተማረ ሰው ላይ ነው።

እትዬ አስካለ በበኩሏ ጉድጓዱን ጠበቀች። ክረምት ሲመጣ ታርመዋለች፤ ፍግ ትጨምርበታለች፤ ጎርፍ ሲሞላው አፈሩን ታወጣለታለች። "እዚህ ጎመን ብትተክዪበት ምን አለ?" ሲሏት መልሷ አንድ ነው። "ቦታው ሰው አለው።" ጉልበቷ ሲደክም በዱላ እየተደገፈች ትወርዳለች። መጨረሻ ላይ መውረድ ሲያቅታት በሩ ላይ ተቀምጣ ከሩቁ ታየዋለች።

እትዬ አስካለ የሞተች ዕለት አበራሽ ባሕር ማዶ ስብሰባ ላይ ነበረች። ስልክ ሲደወልላት አምርራ አለቀሰች። ቀብሩም አለፈባት። ከተመለሰች በኋላም "ባዶ እጄን በየት በኩል ልግባ? ይዣትስ ብሄድ አሁን ለማን ነው?" እያለች ቀረች። ለለቅሶው ገንዘብ ላከች፤ ዘመድ አዘነባት። አበራሽ ከሄደች በኋላ ወደዚያ ቤት የተዳረችው ምራት፣ የእትዬ አስካለ ልጅ ሚስት፣ ጓሮውን ተረከበች፤ ከዚያ በኋላ አበራሽ በዚያ ቤት የምትደውልለት ሰው አልነበራትም። መስቀል መጥቶ ሲያልፍ አበራሽ ስልኳን እያየች ዋለች። "ደህና ናት?" የሚላት አንድ ሰው ናፈቃት። የዚያን ቀን ብዙ ጽሑፎች ጠቅሰዋት ነበር፤ ገጹን ከፍታ አይታ መልሳ ዘጋችው።

ከጊዜ በኋላ ተቋሙ ለሥራዎቿ ክብር ትልቅ ጉባኤ ጠራ። ስንት ጽሑፍ እንዳሳተመች፣ ስንት አገር እንደጠቀሳት ተነበበ፤ አዳራሹ አጨበጨበ። የጥያቄ ሰዓት ሲደርስ በእሷ ሥራ ላይ ተመሥርታ ዕድሜዋን የለፋች አንዲት የውጭ አገር ተመራማሪ ተነሣች።

"ዶክተር፣ ጽሑፎችዎን ሁሉ አንብቤአለሁ" አለች። "አንድ ነገር ግን ፈልጌ አጣሁ። ናሙና ሰባትን ከማን አገኟት?"

"ከመስክ የተሰበሰበች ናት" አለች አበራሽ። በጽሑፎቿም ያለው ይኸው ነው። የገዛ ቃሏ ግን ጆሮዋ ላይ ከበዳት። ባደገችበት አገር እንዲህ ብላ የምትመልስ ሴት ምን እንደምትባል ታውቃለች። ዕድሜዋን ሙሉ ስሟ እንዲጠራላት ስትለፋ፣ መጥራት የነበረባትን አንድ ስም አልጠራችም። የቀረውን ጥያቄ ሳትጠብቅ ከመድረክ ወረደች።

በማግስቱ ከግሪንሃውሱ አንዲት ጠንካራ ችግኝ ከነአፈሯ አወጣች፤ በኮባ ጠቅልላ ታቅፋት ወደ መንደሯ ሄደች።

በር ላይ የተቀበለቻት ምራቲቱ ናት፤ አበራሽን በመልክ አታውቃትም። አበራሽ ስሟን ብትናገር ልቅሶ እንዳያሸንፋት ፈርታ "እንሰት ይዤ ነበር" ብቻ አለች። ምራቲቱም እንግዳ አትመለስም ብላ ወደ ጓሮ ይዛት ወረደች። ጓሮው ጎመንና ድንች ነው። መሃሉ ላይ ግን አንድ ጉድጓድ አለ፤ አረሙ ተነቅሎለት፣ አዲስ ፍግ ተጨምሮበት ባዶውን ተቀምጧል።

"ይህን ለምን አልተከላችሁበትም?" አለች አበራሽ።

"ቦታው ሰው አለው" አለች ምራቲቱ። "አማቴ ናቸው አደራ ያሉኝ። ይልቅ ይቺን እዚያ ጥግ ላይ እንትከላት። ግን አይቀየሙኝ፣ እንደ አገሩ ልማድ ልጠይቅዎትና፣ ከማን አገኟት?"

በስንቱ አዳራሽ የተናገረችው ዶክተር ችግኟን ወደ ደረቷ አስጠጋች።

"ከእትዬ አስካለ" አለች። "ከዚህ ቤት ናት። ከዚህ ጉድጓድ።"

ምራቲቱ መቆፈሪያዋን ለቀቀች። ፊቷን ትክ ብላ አየቻት።

"አበራሽ ማለት እርስዎ ነዎት?"

አበራሽ ራሷን ነቀነቀች።

"እኛ እኮ ጉድጓዱን 'የአበራሽ ቦታ' ነው የምንለው። ልጆቼ ሳይቀሩ። እማማ አረም በነቀሉ ቁጥር ስምዎን ይጠሩ ነበር። መውረድ ሲያቅታቸው ደግሞ በሩ ላይ ሆነው፣ 'የአበራሽን ቦታ አይታችኋል? ደህና ነው?' ሳይሉን የዋሉበት ቀን የለም።"

አበራሽ ጉድጓዱ ዳር ተቀመጠች። ናፍቃው የኖረችው ይህን ነበር። ስሟን፣ የምታውቃትና የምትወዳት ሰው በየቀኑ ስትጠራው ኖራለች፤ የጠራችውም አበራሽ ከሩቅ ልትሰማው በማትችልበት፣ ለመስማት ግን መምጣት ብቻ ይበቃት በነበረ ቦታ ነው። አሁን መጥታለች፤ ጠሪዋ ግን የለችም። ችግኟን ሁለቱ ሴቶች አብረው ተከሏት፤ አበራሽም አፈሩን በእጇ እየመለሰች "ተከልናት፣ እትዬ። ተከልናት" እያለች አለቀሰች።

ያቺ እንሰት ዛሬ ልጆች አውጥታ በየጓሮው ገብታለች። አበራሽም በቀጣዩ ጽሑፏ ናሙና ሰባት የሚለውን ሠርዛ የአክስቷን ስም ጻፈች። የመጽሔቱ አዘጋጆች "ይህ የዝርያው ሳይንሳዊ መጠሪያ ነው?" ብለው ጠየቋት። "የሰጠችኝ ሴት ስም ነው" ብላ መለሰችላቸው። ገጹንም እንደ ድሮው ጠዋት ጠዋት አትከፍተውም ይባላል።

እንግዲህ የዚህ ታሪክ ትምህርት ይኸው ነው። ስማችን በሩቅ እንዲጠራ ስንሮጥ፣ በቅርብ የሚጠራንን ድምፅ ሳንሰማው እናልፋለን። ዕውቀትም ሆነ ዝና፣ ከሰው እጅ የተቀበልነው ነገር ሁሉ ወደ ሰጪው ጓሮ ሳይመለስ ሥራችን አለቀ አይባልም። መመለስ ደግሞ ጊዜ አለው፤ "ይህን ልጨርስና" ስንል ጠባቂው ያልቃል።

አንባቢዬ ሆይ፣ ዛሬ የምትታወቅበትን ነገር ከማን አገኘኸው? አንቺስ ከማን አገኘሽው? ያ ሰው በሕይወት ካለ፣ ይህን ስታነቡ በስማችሁ አንድ ቦታ እያረመ ይሆናልና ሳይመሽ ሂዱ።