ውሻውን ያሰረው ኮምፒውተር

ተረት ተረት! «የበር ብረት» በሉኝ፤ የላም በረቱ ለሌላ ቀን ይቆይ። ስልካችሁንም አስቀምጡ፤ እኔ ለግማሽ ጆሮ አላወራም።

በድሮ ጊዜ፣ ዕቃ ሁሉ አፍ በነበረው ዘመን፣ በወይዘሮ የሺመቤት ቤት አንድ ኮምፒውተር ይኖር ነበር። ሆዱ ውስጥ ብዙ ነገር ነበረ። ለወይዘሮ የሺመቤት ግን ከሁሉ የሚበልጠው አንድ ድምፅ ነው። ልጃቸው ምንትዋብ ከመሞቷ በፊት የላከችው ነው፦ «እማዬ፣ ደህና ገብቻለሁ። በሩን መቀርቀር እንዳትረሺ።» ሌላ የቀራቸው ነገር የለም። ጠዋት ጠዋት ይከፍቱታል፣ ይሰሙታል፣ አልቅሰው ወደ ሥራቸው ይሄዳሉ።

የኮምፒውተሩን በር የሚጠብቅ ጸረ-ቫይረስ የሚባል ውሻ ነበር። ኮምፒውተሩ ራሱ ሰው ወዳድ ነው። ቀኑን ሙሉ ኢንተርኔት የሚባለውን ገበያ ሲዞር ይውላል፤ በሩ በተንኳኳ ቁጥር «ቤት የእግዜር ነው» ማለት ይወዳል። ቫይረስ የሚባል ጅብ ይህን ጠባዩን ገበያ ላይ አየና እስከ ቤቱ ተከተለው።

በመጀመሪያው ቀን ስጦታ ተሸክሞ መጣ።

«ቤቶች! ሎተሪ ወጥቶላችኋል፤ ክፈቱልኝ።»

ውሻው ኮምፒውተሩን «ሎተሪ ቆርጠሃል?» አለው።

«አልቆረጥኩም።»

«ታዲያ ምኑ ወጣልህ?» አለና ጮኸ። ቫይረስ ሄደ።

በሁለተኛው ቀን ዘመድ መስሎ መጣ።

«ቤቶች! የአጎትህ ልጅ ነኝ፤ የሰርጌን ፎቶ ይዤልህ መጣሁ።»

«የአጎቴ ስም ማነው በለው» አለ ውሻው። ቫይረስ «አጎትህ ነዋ!» አለ። ውሻው ጮኸ፤ ቫይረስ ሄደ።

ኮምፒውተሩ ግን አፈረ። «እንግዳ አባረርክብኝ። ሰው ምን ይለኛል?»

«ሰውን ተወውና የምንትዋብን ድምፅ አስብ» አለው ውሻው። እውነቱን ነው፤ ግን ውሻን ማን ይሰማል።

በሦስተኛው ቀን ነጭ ለብሶ፣ ሐኪም መስሎ መጣ።

«ቤቶች! አንተ ታመሃል። ሆድህ ውስጥ ሦስት መቶ ቫይረስ አለ። በነጻ አክምሃለሁ፤ ብቻ ያንን ውሻ እሰርልኝ።»

«ጤነኛ ነህ፤ ትናንት መርምሬሃለሁ» አለ ውሻው።

«አንተ ሁሉን ትጠረጥራለህ» አለ ኮምፒውተሩ። ፈርቷል። ውሻውን አሰረ፣ በሩን ከፈተ። «ይግቡ ዶክተር፤ ቤት የእግዜር ነው።»

ቫይረስ ገባ። ፎቶውን በላ፣ ደብዳቤውን በላ፣ ድምፁን በላ። ኮምፒውተሩ «ዶክተር፣ አመመኝ» ሲለው «መድኃኒት ሲሠራ ያማል» ይለዋል። ውሻው ታስሮ ያያል። ቫይረስ ሲጠግብ ወጣና የጎረቤቶቹን በር አንኳኳ፦ «ቤቶች! የወይዘሮ የሺመቤት ኮምፒውተር ልኮኝ ነው።» እነሱም ከፈቱለት።

በማግስቱ ጠዋት ወይዘሮ የሺመቤት እንደ ልማዳቸው ቁጭ ብለው ድምፁን ሊሰሙ ተጫኑት። ዝም። እንደገና ተጫኑት። ዝም።

«ልጄስ?» አሉ።

«የማን ልጅ?» አለ ኮምፒውተሩ።

ውሻው ከታሰረበት ሆኖ፣ «እማማ፣ ቃሏን እኔ አውቀዋለሁ፤ ‹በሩን መቀርቀር እንዳትረሺ› ነው የምትለው» አለ።

«ቃሉንማ እኔም አውቀዋለሁ» አሉ ወይዘሮ የሺመቤት። «ድምጿን ነው የፈለግሁት።»

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ትላላችሁ። የዚያ ቤት ውሻ ጅቡ ሳይገባ ነበር የጮኸው፤ ያሰረው ባለቤቱ ነው። በሉ፣ ተረቴ አልቋል፤ ተነሱና በራችሁን ቀርቅሩ።