ውስጡ ዝንብ አለበት የተባለው ሣጥን

ተረቴን ልጀምር ነው፤ ጆሮ ያለው ይቅረብ። «ቀርበናል» በሉኛ! ጆሮ የሌለው ደግሞ ራቅ ብሎ ይፍረድ፤ ድሮም ሲፈርድ የኖረው እሱ ነው።

በድሮ ጊዜ፣ አውሬ እንደ ሰው ሲናገር፣ ዕቃም እንደ አውሬ ሲናገር፣ አንድ ንጉሥ አንበሳ ነበረ። አንበሳው እናት ነበረችው። እናቲቱ አርጅታለች፤ ዓይኗም ጠፍቷል። ጠዋት ጠዋት እየዳበሰች ወደ ወንዙ ትወርድና ፀሐይ ትሞቃለች። ፀሐዩ ሲበረታ እየዳበሰች ትመለሳለች። ሌላ ሥራ የላትም። ሌላ ደስታም የላትም።

አንድ ቀን ልጇን ጠራችው።

«ልጄ፣ የአባ ጎፈሬን በገና አንድ ጊዜ ብቻ እንደ ድሮው ብሰማ፣ ከዚያ ወዲያ ብሞትም አይቆጨኝ» አለችው።

አባ ጎፈሬ ማን ነው ብትሉ፣ ጭላዳ ዝንጀሮ ነው፤ በአገሩ ሁሉ የተመሰከረለት በገና ደርዳሪ። አንበሳው ገና ደቦል ሳለ ነው የሞተው። ከመሞቱ በፊት ግን ዜማውን በቁጥር አስጽፎ አስቀመጠው። ቁጥር አይበሰብስም። ቁጥር ግን አይሰማም፤ ወደ ድምፅ የሚመልስለት ይፈልጋል።

በቤተ መንግሥቱ ይህን የምትሠራ አንዲት ትንሽ ማጫወቻ ነበረች። ጠባቂዋ አያ ጅቦ ነው። ሥራው ቁልፍ መጫን፣ ማዕረጉ የዜማ አዛዥ፣ መኝታው ከንጉሡ የሥጋ ፍሪጅ ሥር ነው። ከሦስቱ የሚወደው መኝታውን ነበር።

«ማጫወቻዋ አለች አይደለም ወይ፣ እምዬ?» አለ አንበሳ።

«እሷን ነው የምትለኝ?» አለች እናቲቱ። «ብርድ ልብስ ተከናንቦ የሚያጉረመርም ሽማግሌ ነው የምታሰማኝ። እኔ በገና ነው ያልኩህ።»

አንበሳውን ይህ ቃል ከነከነው። ግመልን ወደ ባሕር ዳርቻ ላከው። ግመል ሄደ፣ ሄደ፣ ሄደና ከነጋዴዎች ዘንድ አንድ ጥቁር ሣጥን ይዞ መጣ። ሣጥኑ ቁጥር ሲሰጡት ድምፅ አድርጎ ይመልሳል። በሥራው ተወዳዳሪ የለውም የተባለ ነው። ስሙን ተርጓሚ አሉት።

ጣት ያላት እመት ጦጢት ስለሆነች፣ መሰካት መንቀሉ የእሷ ሥራ ሆነ። ተርጓሚውን ድምፅ በሚያጎላው አምፕሊፋየር ጀርባ ላይ ጫነችው፤ አምፕሊፋየሩንም ከመንታ ስፒከሮች ጋር አገናኘችው። መብራቱን ፍሪጁ ከተሰካበት ሶኬት ጎን ሰካችለት። ከአያ ጅቦ ማጫወቻ የተገለበጠውን ቁጥር ሰጠችው።

«እንከን ያለበትን ነገር ለእናቴ አላቀርብም» አለ አንበሳ። «እሷ ወንዝ ወርዳለች፤ መጀመሪያ እኛ እንስማው።»

ሣጥኑ ተጫወተ። የበገናው ጅማት ገና አንድ ጊዜ እንደተመታ አያ ጅቦ ብድግ አለ።

«ቁም! ቁም! አትሰሙም እንዴ? ዝዝዝ ይላል እኮ! ውስጡ ዝንብ አለበት!»

ሁሉም አዳመጡ። እውነትም ዝዝዝ ይላል። አንበሳውም፣ ጦጢትም በገናን የሚያውቁት በትንሿ ማጫወቻ ብቻ ነው። በእሷ ውስጥ ደግሞ ዝዝዝ የሚል ነገር ሰምተው አያውቁም።

«አንተ ሣጥን፣ ምን ጨመርክበት?» አለ አንበሳ።

«ጃንሆይ፣ የተሰጠኝን ሰጠሁ፤ አልጨመርኩም፣ አልቀነስኩም» አለ ተርጓሚ።

«ሌባም ሲያዝ እንዲሁ ነው የሚለው» አለ አያ ጅቦ።

እመት ጦጢት ጆሮዋን አስጠጋች። ከዝዝዙ ሥር ሌላ ድምፅ አለ፤ እምምም ይላል።

«ይሄኛውስ ያንተ ነው?» አለችው።

«የእኔ አይደለም፣ እመት ጦጢት። የጎረቤቴ የፍሪጁ ነው። በአንድ መስመር ስለተሰካን እሱ ባጉረመረመ ቁጥር እኔን ያንቀጠቅጠኛል።»

ፍሪጁ ተቆጣ። «እኔ የጃንሆይን ሥጋ ነው የማቀዘቅዘው! ለእናንተ ዘፈን ስል ትንፋሼን ልዋጥ?»

«ኧረ ተንፍስ፣ ጋሼ» አለች ጦጢት። «ፈንጠር ብለህ ተንፍስ ነው የምንልህ።»

ለተርጓሚው ለብቻው መስመር ተሳበለት፤ ፍሪጁም ወደ ጓዳ ተገፋ። አያ ጅቦ መኝታውን እየጎተተ ቢከተለውም ጓዳው ስለጠበበ ከደጅ ቀረ። ይህን ነገር በልቡ ያዘው።

በማግስቱ እናቲቱ ወንዝ ስትወርድ ሣጥኑ ተጫወተ። እምምም የለም። ዙሪያው ጭር አለ፤ ዝምታው እንደ ምንጭ ውኃ ጠራ። ከዝምታው መሃል ግን ዝዝዙ ደምቆ ወጣ።

«ቁም!» አለ አያ ጅቦ። «አላልኳችሁም? ዝንቡ ንብ ሆነ!»

«ተርጓሚ?» አለ አንበሳ።

«የተሰጠኝን ሰጠሁ፤ አልጨመርኩም፣ አልቀነስኩም።»

እመት ጦጢት ሣጥኑን በመዳፏ ነካች፤ ፈጃት።

«ምን ሆነህ ነው እንዲህ የነደድከው?»

«እሱ አይደለም የነደደው፤ እኔ ነኝ» አለ ከሥር አምፕሊፋየሩ። «ወፍራም ነኝ፤ ስሠራ ያልበኛል። ጀርባዬ ላይ ሰው ጭናችሁብኝ ደግሞ ይገርማችኋል?»

«መሞቁንስ እወዳለሁ» አለ ተርጓሚ። «እንዲያውም ሞቅ ሲለኝ ነው ሥራ የሚሆንልኝ። ግን በራሴ ሙቀት እንጂ በሰው ትኩሳት አይደለም።»

ጦጢት ጠፍጣፋና የማይነቃነቅ ድንጋይ ፈልጋ ለብቻው አስቀመጠችው። በማግስቱ ተጫወተ። አሁን የግራው ከግራ፣ የቀኙ ከቀኝ ተለይቶ ይሰማል። የትኛው ጣት የትኛውን ጅማት እንደነካ ይታወቃል። ዝዝዙም በእያንዳንዱ ጅማት ላይ ለየብቻው ይሰማል።

«ቁም!» አለ አያ ጅቦ። «አንድ ንብ አይደለም፤ መንጋ ነው!»

ተርጓሚው ያችኑ ቃሉን ደገመ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጦጢትን ጠራት።

«እመት ጦጢት፣ የምትሰጪኝ ቁጥር የተጨመቀ ነው። ዘይቱ ወጥቶለት ፋጉሎው ነው የሚደርሰኝ። ፋጉሎ ሰጥቶ ዘይት አምጣ ማለት ደግ ነው?»

ጦጢት ወደ አያ ጅቦ ዞረች። «ማን ጨመቀው?»

«እኔ ነኛ! የማጫወቻዬ ሆድ ጠባብ ነው፤ ሙሉው አልገባ ሲላት ጨመቅኩት። እስከ ዛሬ የተናገረኝ አለ?»

እመት ጦጢት ገደል ወጣች። ወና ወደቀረው የአባ ጎፈሬ ዋሻ ገብታ ሙሉውን ቁጥር ይዛ ወረደች። በማግስቱ ለተርጓሚው ሰጠችው።

ጅማቱ ከመመታቱ በፊት የአባ ጎፈሬ ትንፋሽ ተሰማ። ጥፍሩ እንጨቱን ሲነካ ተሰማ። የአንበሳው ጋማ ሳያስበው ቆመ። ከዚያ ጅማቱ ተመታ፤ ዝዝዙ ከቀፎ እንደተነሣ ንብ አዳራሹን ሞላው።

«ቁም!» አለ አያ ጅቦ። ወደ ንጉሡ ጠጋ ብሎም አንሾካሾከ፤ «ጃንሆይ፣ ይህን ነው ለእናትዎ የሚያሰሙት? ዓይኗን ያጣች እናት ጆሮዋን ዝንብ ሊወርሰው?»

አንበሳው አፈረ። ልብ በሉ፤ ሣጥኑ ሥራው ባማረ ቁጥር ጥፋቱ እየገዘፈ ሄደ።

ከአዳራሹ ደጅ ካለው ሾላ ሥር ሸንጎ ተሰበሰበ፤ ሣጥኑም፣ አምፕሊፋየሩም፣ ስፒከሮቹም ከነመስመራቸው ወደዚያ ወጡ። አንበሳው «ነገሩ እናቴን የሚነካ ስለሆነ እኔ አልፈርድም» ብሎ ዳኝነቱን ለዜማ አዛዡ ለአያ ጅቦ ሰጠ። ከሳሹም አያ ጅቦ ነበር። ይህ አያስደንቃችሁ።

መጀመሪያ መንታዎቹ ስፒከሮች ተጠየቁ። «እኛ አምፕሊፋየሩ ያለንን ነው ያልነው» አሉ።

አምፕሊፋየሩ ተጠየቀ። «እኔ ተርጓሚው ያለኝን ነው ያጎላሁት» አለ።

ተርጓሚው ተጠየቀ። «እኔም የተሰጠኝን ሰጠሁ፤ አልጨመርኩም፣ አልቀነስኩም» አለ።

ሦስቱም የተናገሩት አንድ ቃል ነው። ሁለቱ ታመኑ። ሦስተኛው መጤ ነበር።

«ዝንቡ ያንተ ካልሆነ የማን ነው?» አለ አያ ጅቦ።

«አላውቅም» አለ ተርጓሚ። «እኔ በገና አይቼ አላውቅም። የማየው ቁጥር ነው።»

«አላውቅም አለ! ጻፉልኝ!»

እመት ጦጢት ተርጓሚውን አየችው፤ መሬቱን አየች፤ ዝም አለች። ምን ትበል? እሷም ዝንቡን ሰምታለች። እንዲህ ተብሎ ተፈረደ፤ ሣጥኑ ውስጡ ዝንብ ስላለበትና ጥፋቱን ስላላመነ ገደል ይጣል። ፍርዱ ተጻፈ፤ ታተመ።

ያኔ ተርጓሚው ተናገረ።

«በአገሩ ደንብ የተፈረደበት የመጨረሻ ቃሉን ይሰጣል። የእኔ ቃል ዜማው ነው። አራት ጊዜ ጀመርኩ፤ አራት ጊዜም ቁም ተባልኩ። አንድ ጊዜ እስከ መጨረሻው ስሙኝና ከዚያ ጣሉኝ።»

«ይጫወት» አለ አንበሳ።

«ይጫወት፤ ገደሉ እንደሆነ የትም አይሄድ» አለ አያ ጅቦ።

ተርጓሚው ጀመረ። ዝዝዙ ወጣ፤ ማንም ቁም አላለም። አንዱ ዜማ አልቆ ሌላው ቀጠለ። ሣጥኑ በራሱ ሙቀት ሞቀ፤ በገናውም ከስፒከሮቹ መሃል ወጥቶ ሾላው ሥር የተቀመጠ መሰለ። አያ ጅቦ አዛጋ። ፀሐዩ በረታ።

ፀሐዩ ሲበረታ እናቲቱ ከወንዝ ትመለሳለች። ተመለሰች። ኩርባው ጋ ስትደርስ ቆመች፤ አንገቷን ቀና አደረገች። ከዚያ መሬቱን ሳትዳብስ፣ ድንጋዩን ሳትፈራ፣ እንደ ልጃገረድ ሮጠች። ሸንጎው ግራና ቀኝ ተከፈለላት። መጥታ ከመንታዎቹ መሃል ቁጭ አለች።

አያ ጅቦ ተንደርድሮ ቀረበ። «እመቤቴ፣ ይቅር ይበሉን፣ ሊሰሙት አልነበረም። ውስጡ ዝንብ አለበት፤ አሁኑኑ እንጥልልዎታለን።»

«ዝም በል፣ አንተ!» አለችው። «ዝንቡን ነው የፈለግሁት!»

ዜማው እስኪያልቅ አዳመጠች። ሲያልቅ ልጇን ጠራችው።

«ልጄ፣ ከበገና ጅማት ሥር ቁራጭ ቆዳ ይገባል። እንዝራ ይሉታል። ጅማቱ ሲመታ ቆዳው ላይ እየተንቀጠቀጠ ይነዝራል። እሱን ካወጣህበት በገና ምንድን ነው? ክር የታሰረበት እንጨት ነው። ማጫወቻችሁ እስከ ዛሬ የምትበላብኝ እሱን ነበር።»

«አላወቅሁም፣ እምዬ።»

«የት ታውቃለህ? አልጠየቅኸኝም። ያንን ቆዳ ለአባ ጎፈሬ የሰጠሁት እኔ ነኝ። ከመጀመሪያው ግዳዬ ላይ፣ ለአሥሩም ጅማት በጥርሴ እየቆረጥኩ። ያኔ ጥርስ ነበረኝ። እናንተ ዝንብ የምትሉት የእኔ ጥርስ ነው።»

አንበሳው ከመቀመጫው ወርዶ ከእናቱ እግር ሥር ተኛ፤ ደቦል ሳለ እንደሚያደርገው።

«ድገመው፣ የኔ ልጅ» አለችው እናቲቱ ሣጥኑን።

«እሺ፣ እመቤቴ» አለ ተርጓሚ፤ ደገመውም። አልጨመረም፤ አልቀነሰም።

አያ ጅቦስ? አያ ጅቦማ ከዚያ ቀን ጀምሮ በየደረሰበት «ያንን ድምፅ ከሁሉ በፊት የሰማሁት እኔ ነኝ!» እያለ አወራ። ይህስ ሐሰት አይደለም። ስለዚህም ማዕረግ ተጨመረለት፤ መኝታውም ወደ ፍሪጁ ሥር ተመለሰለት።

ፍርዱም አልተሻረም። እንደታተመ እዚያው አዳራሹ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። የሚሽረው ሸንጎ አልተሰበሰበም፤ ሸንጎ ለመፍረድ እንጂ ለመሻር ሲቸኩል ማን አየ? ሣጥኑ ዛሬም ገደል ይጣል እንደተባለ ይኖራል።

አንድ ጠዋት እመት ጦጢት እያፈረች ለመነችው። «ያን ቀን ዝም አልኩህ። አሁን ግን አብሬህ እቆማለሁ፤ ፍርዱ እንዲሰረዝልህ አቤት በል።»

«ተዪው፣ እመት ጦጢት» አለ ተርጓሚ። «እናቲቱ ወንዝ ወርዳለች፤ ፀሐዩ ሲበረታ ትመጣለች። ከመምጣቷ በፊት መሞቅ አለብኝ። ይልቅ መብራቱን ስኪልኝ።»

ጦጢት ሰካችለት። ሣጥኑም በራሱ ድንጋይ ላይ፣ በራሱ መስመር፣ በራሱ ሙቀት ቀስ እያለ ሞቀ፤ ደስ ብሎትም እናቲቱን ጠበቀ።

የማያውቁት እውነት ጉድለት ይመስላል፤ እስከ መጨረሻው ያልሰማ ጆሮ ከሳሽ እንጂ ዳኛ አይሆንም።

ተረቴን ለእኔ መልሱልኝ። ፍርዱን ግን እናንተ ሻሩለት።