ከድንኳኑ ደጃፍ ያልተነሣው ውሻ

ትርሲት የፈለገችው ትንሽ ነገር ነበር፤ ድንኳኗ ገብታ ብርድ ልብሷን መከናነብ።

ውሻ ይዞ ተራራ ላይ ማደር ደስ ይላል። ውሻ እግር ያሞቃል፤ ጅብ ያባርራል። ጉዳቱ፣ እራትን ከባለቤቱ ቀድሞ ይበላል። ማናለብኝ የተባለው ውሻም ሥጋውን ጠርጎ በላው፤ የትርሲት ባል አምሳሉ ተቆጥቶ ጀሪካኑን አንጠልጥሎ ወደ ምንጭ ወረደ። እሷ ጭራሮ ለቅማ ስትመለስ ጀንበር ጠልቃለች፤ ጉም ወርዷል፤ የጅብራ ተክሎች እንደ ቆመ ሰው ይታያሉ። ማናለብኝ ገመድ አንገቱ ላይ እንደታሰረ፣ ከሚነደው እሳት አጠገብ ደጃፉ ላይ ተጋድሞ፣ ፊቱን ወደ ድንኳኑ አዙሮ ያጉረመርማል።

«ትርሲት፣ ግቢ እንጂ» አላት የባሏ ድምፅ ከውስጥ።

አምሳሉ ሲቆጣ ካልሆነ በስሟ አይጠራትም፤ «እሜቴ» ነው የሚላት። ተመልሶ ገብቶ ስለ ሥጋው እያኮረፈ ነው፣ አለች በልቧ።

«መጣሁ። አንተ ውሻ፣ ተነሥ!»

ውሻው አልተነሣም።

«ገመድ፣ ውሻውን ጎትት። ውሻው አልነሣም ብሏል፤ እኔም አልገባሁም።»

«አልጎትትም» አለ ገመዱ። «ፀጉሩ ቆሟል።»

«እሳት፣ ገመዱን አቃጥል። ገመዱ ውሻውን አልጎትትም ብሏል፤ ውሻው አልነሣም ብሏል፤ እኔም አልገባሁም።»

«አላቃጥልም» አለ እሳቱ። «ዛሬ ከዚህ ፈቀቅ አልልም።»

«ትርሲት፣ ግቢ እንጂ» አለ ድምፁ።

«ጉም፣ እሳቱን አጥፋ። እሳቱ ገመዱን አላቃጥልም ብሏል፤ ገመዱ ውሻውን አልጎትትም ብሏል፤ ውሻው አልነሣም ብሏል፤ እኔም አልገባሁም።»

«አላጠፋም። ካጠፋሁት ከማን ጋር ትቀሪያለሽ?»

«ከባሌ ጋር ነዋ!»

ጉሙ ይባስ ወፈረ።

«ነፋስ፣ ጉሙን በትን። ጉሙ እሳቱን አላጠፋም ብሏል፤ እሳቱ ገመዱን አላቃጥልም ብሏል፤ ገመዱ ውሻውን አልጎትትም ብሏል፤ ውሻው አልነሣም ብሏል፤ እኔም አልገባሁም።»

«በፉጨት ካልጠሩኝ አልነሣም» አለ ነፋሱ ከሩቅ።

እውነቱን ነው። አባቷም አውድማ ላይ ምርት ሲያዘሩ ነፋስ የሚጠሩት በፉጨት ነበር። ሲመሽ ማፏጨት ግን ነውር ነው፤ ሌላም ነገር ይጠራል ይባላል።

«ትርሲት፣ እንዳታፏጪ» አለ ድምፁ፤ አሁን ከሸራው አጠገብ።

ትርሲት ባሏ አታድርጊ ያላትን ሳታደርግ ቀርታ አታውቅም። አፏጨች።

ነፋሱ ተነሣ፤ ጉሙን ሊበትን ሆነ። ጉሙ እሳቱን ሊያጠፋ፣ እሳቱ ገመዱን ሊያቃጥል፣ ገመዱ ውሻውን ሊጎትት ሆነ። ውሻውም ተነሣ።

ጉሙ ሲገለጥ፣ ከታች ባለው መንገድ አምሳሉ ጀሪካን ተሸክሞ እያለከለከ ሲወጣ ታየ።

«እሜቴ! ከማን ጋር ነው የምታወሪው?»

ነፋሱ የድንኳኑን በር ገለበው። ውስጡ ማንም የለም። ተከናንቦ የተቀመጠ ሰው ይመስል የነበረው ብርድ ልብስ ብቻ፣ ቀስ እያለ ተኛ።

ማናለብኝ ገባ፤ ጥጋጥጉን አሸተተ፤ ጭራውን እየቆላ ወጣ። ትርሲት የቀረውን ዳቦ አውጥታ ሰጠችው።

«የኔን እራት?» አለ አምሳሉ።

«የሱ ነው» አለች።

ከዚያ ውሻውን አስቀድማ ገባች፤ እንደ ፈለገችውም ብርድ ልብሷን ተከናነበች። ገና ሙቀቱ አልለቀቀውም ነበር።