ለጉድጓዱ የሚሆን ዛፍ

አንድ ሰው ነበረ፤ ግቢው ጠባብ፣ ምኞቱ ሰፊ። «እትዬ፣ ለልጄ የክርስትና አባት ባለወፍጮውን ጌታ ላድርግ ወይስ ጎረቤቴን ሸማኔውን?» ብለህ ስለጠየቅኸኝ የሱን ነገር ልንገርህ፤ ሳልጨርስ አፍህን እንዳትከፍት።

የዚህ ሰው ሀብት አባቱ የቆፈረው የውኃ ጉድጓድ ነበር። ዙሪያው በድንጋይ የተካበ፣ በቤቱ ግድግዳና በጎረቤት አጥር መካከል የተሸጎጠ። ውኃው ከመጣፈጡ የተነሣ ሰፈሩ ሁሉ ከዚያ ይቀዳል። ፀሐይ ግን ቀኑን ሙሉ አፉ ላይ ትውል ነበርና ሚስቱ የጌሾ ችግኝ ይዛ መጣች። «ለዚህ ቦታ ይህ ይበቃል፤ ሥሩ ሰው አይገፋም» አለችው።

ሰውየው ሳቀባት። «ከጌሾ ሥር ሽማግሌ ተቀምጦ ያውቃል? እኔ የምተክለው ዋርካ ነው። የአገር ሽማግሌ ደጄ ተቀምጦ ሲያስታርቅ ታያለሽ።»

«እስኪያስታርቅ ድረስ ግድግዳችን ከቆመ!» አለችና ችግኟን ይዛ ወደ ጓሮ ሄደች።

ዋርካው አደገ። ዓመታቱ እንደ ጉም መጥተው እንደ ጉም ሄዱ። ሰውየው ቀትር ላይ ከጥላው ሥር ይጋደማል፤ ቅጠሉ ሲንሾካሾክ ዓይኑ ይከደናል፤ ምድርም እንደ ጠራ ውኃ ግልጥ ሆና እስከ ሆዷ ትታየዋለች። ሥሮቹ እንደ ዓይነ ስውር ጣት እየዳሰሱ ይሄዳሉ። ድንጋይ ሲያገኙ በትሕትና፣ «እስቲ ጠጋ በሉልን» ይላሉ። ድንጋዮቹም እንደ ጨዋ ሰው ጠጋ ይላሉ። እንደገና «ጠጋ በሉ»፣ እንደገና ጠጋ። ከሩቅ የሚወርድ ውኃ ይሰማል። ደስ ይላል፤ ሰውየውም በእንቅልፉ ፈገግ ይላል።

እንደተመኘውም ሆነ። በወሰን የተጣሉ ሁለት ገበሬዎችን ሊያስታርቁ ሽማግሌዎች መጥተው ከዋርካው ሥር ተቀመጡ። ሰውየው ደረቱን ነፋ። ነገሩ ረዝሞ ጉሮሯቸው ሲደርቅ ትልቁ ሽማግሌ ውኃ ለመኑ። ሚስትየዋ ባልዲውን አወረደች። ሲወጣ የያዘው ጭቃና የዋርካ ሥር ብቻ ነበር፤ ካቡ ተናግቶ ውኃው በስንጥቁ ሾልኮ ሄዷል።

«ልጄ፣ ጥላህንስ አገኘነው። ውኃህ የት ሄደ?» አሉት ሽማግሌው።

ሰውየው በዚያው ዕለት መጥረቢያውን አነሣ። ዋርካውን ጣለ፤ በገመድ ወርዶ ሥሩን ከድንጋይ መካከል በእጁ እየመዘዘ ነቀለ፤ ካቡንም እንደገና ካበ። ውኃው ተመለሰ፤ ግን እንደ ድሮው አልሆነም፤ በበጋ ይጎድላል።

«ጌሾሽ ዘር ይኖረው ይሆን?» አላት አንገቱን ደፍቶ።

«ዘርማ አለው፤ የሚያጠጣው ከተገኘ» አለችው። ተከለችለትም።

አሁን ስማኝ። ቤትህ አንዲት ክፍል ናት፤ ልጅህ ገና አንገቱ አልጠናም። ባለወፍጮው ክፉ ሰው አይደለም፤ ዋርካውም ክፉ አልነበረም። ግን ትልቅ ነው፤ በገባ ቁጥር ጠጋ የምትሉት እናንተ ናችሁ። ለሱ ማዕድ ስትል ከአራሷ ገንፎ ቅቤ ትቀንሳለህ። ሸማኔው ጎንበስ ብሎ ይገባል፤ ባገኘው ጥግ ይቀመጣል። ልጁ ሲያተኩሰው ከግድግዳው ማዶ ለቅሶውን ሰምቶ የሚመጣው እሱ ነው። ጉድጓዱ ልጅህ ነው። አጠገቡ የምታቆመውን ሰው ቁመቱን አትለካ፤ ሥሩ ወዴት እንደሚሄድ እይ።