የእመት ዘርፌ ጌሾ

ልጆቼ፣ እኛ አገር ሰው የሌላውን ንግግር ከአፉ ቀምቶ ሲሮጥ የምንላት አንዲት ተረት አለች። ሌላ አገር ሄዳችሁ ብትናገሯት ሰው ግራ ይገባዋል፤ «ይሄ ከዚያ ጋር ምን አገናኘው?» ይላል። አይፈረድበትም፤ ታሪኳን ያልሰማ አትገባውም። እኔ ከአባቴ ሰምቻታለሁ፣ አባቴ ደግሞ እዚያው ቆሞ አይቷል። እስቲ ጠጋ በሉ። ትምህርቴ ከአራተኛ ክፍል አላለፈም፤ ሲያቅተኝ እናንተ ትሞሉልኛላችሁ።

ሰፈራችን ዋንዛ በር መንገድ ሊገባ ነው ተባለና አንድ ፈረንጅ መሐንዲስ ሃያ የሚሆኑ ሠራተኞች ይዞ በግንቦት መጨረሻ ድንኳን ተከለ። ክረምት ሳይገባ መስመሩን መንጥረው መጨረስ ነበረባቸው። እናም ሁሉም ይጣደፋል። መሐንዲሱ ሰዓቱን ያያል፣ ሠራተኛው ደመናውን ያያል፣ በቅሎዎቹም ጭነታቸው ሳይወርድላቸው ይግጣሉ። በዚህ መሀል ከከተማ አብሮ የመጣውን አስተርጓሚ ወባ ጣለውና በቃሬዛ መለሱት።

ማን ይተካው? ሽባባው ተተካ። ሽባባው የሰፈራችን ልጅ ነው፤ ከተማ ወርዶ ሰባተኛ ክፍል ደርሶ የተመለሰ። እንግሊዝኛ ሲማር አንድ ምክር ሰምቷል አሉ፤ «ቴክ የምትባለውን ቃል የያዘ የቋንቋውን ግማሽ ያዘ» የሚል። እሱም አመነና በደብተሩ ላይ ሠላሳ ሦስት ዓይነት ቴክ ጻፈ። ቴክ ብቻዋን ስትቆም መውሰድ ናት። ትንሽ ነገር ከኋላዋ ሲቀጥሉላት ግን አንዷ ተቀመጥ ትላለች፣ አንዷ ጫማህን አውልቅ፣ አንዷ አይሮፕላን ተነሳ፣ አንዷ አባቱን መሰለ፣ አንዷ ራስህን ጠብቅ።

አትሳቁ። የኛዋ «ጣለ» ምን ያላደረገችው አለ? ዝናብ ይጥላል፣ ዶሮ እንቁላል ትጥላለች፣ ዕቁብ ይጣላል፣ ለቤት መሠረት ይጣላል፣ ሰው በሰው ላይ ተስፋ ይጥላል፤ ወባም አስተርጓሚ ይጥላል። ቋንቋ ሁሉ እንደዚሁ ነው። ችግሩ ሽባባው ጋ ነበር፤ ሠላሳ ሦስቱን ለማውጣት አፉን ይበላው ነበር። ሳምንቱን በደንብ ከሠራ ቋሚ አስተርጓሚ አድርገው ካኪ ኮት ሊሰጡት ቃል ገብተውለታል። እና እግሩ አንድ ቦታ አይቆምም፤ ሰው ገና አፉን ሲከፍት እሱ ደብተሩን ይገልጣል።

ሽባባው በተተካ በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ የመስመሩ ችካል እመት ዘርፌ ጓሮ ደረሰ።

እመት ዘርፌ ባሏ የሞተባት ባልቴት ናት። ከብት የላት፣ እርሻ የላት። ያላት አርባ እግር ጌሾ ነው፤ ባሏ በሕይወት ሳለ የተከለው። ቅጠሉን ለቅማ፣ አድርቃ፣ ለጠላ ጠማቂዎች ትሸጣለች። ዓመቱን በሙሉ የምትበላው ከዚያ ነው። ችካሉ ደግሞ ልክ በጌሾው መሀል ነው የሚያልፈው።

መሐንዲሱ ክፉ ሰው አልነበረም። ባርኔጣውን ይዞ ረጅም ንግግር ተናገረ። ሽባባው ወደ እሷ ዞረ።

«እመት፣ መንገዱ በጌሾው ይለፍ ወይስ በጉብታው ይዙር ነው የሚለው። በጉብታው ከሆነ ሦስት ቀን ይጨምርባቸዋል። ቶሎ ይመልሱለት፣ ሰውዬው ሰዓት እያየ ነው።»

«አንተስ ደህና ነህ ልጄ? እናትህን ወገቧን ተሻላት?»

«ደህና ናት፣ ደህና ናት። መልሱን።»

«እንዴ፣ እንግዳ እንደቆመ መልስ ይሰጠዋል? ምነው፣ እሳት ልትጭር ነው የመጣኸው?»

እዚህ ላይ የአገራችንን ልማድ ላስታውሳችሁ። ትልቅ ሰው አንድ ነገር ሲጠየቅ ዘሎ ጉዳዩ ውስጥ አይገባም። መጀመሪያ እንግዳውን ይመርቃል፤ ቤቱንም ደጁንም በቃል ይሰጠዋል። ያ ደጃፍ ነው፤ ቤቱ ገና ነው። ዋናው ቃል የሚመጣው እንግዳው ተቀምጦ፣ ውሃ ቢጤ ቀምሶ ነው። ይህን ሽባባው ያጣዋል? የገዛ እናቱ እንዲያ ስትናገር ያደገ ልጅ ነው።

እመት ዘርፌ እጇን ወደ ሰማይ ዘረጋች።

«እንኳን ደህና መጣችሁ። ከሩቅ ያመጣችሁ አምላክ በሰላም ወደ ልጆቻችሁ ይመልሳችሁ። ቤቱ ቤታችሁ ነው፣ ደጁ ደጃችሁ ነው፣ ያለው ሁሉ የእናንተ ነው...»

ሽባባው ከዚህ በላይ አልጠበቀም። «ቴክ» አለ፤ ውሰዱ ማለቱ ነው። ቀጠለ፤ አንዷን ቴክ ከሌላዋ አከታትሎ አራት አምስቱን አወረዳቸው። መሐንዲሱ ፊቱ ፈካ። እጅ ነሳ። እሷም ምርቃቱን የተቀበለ መስሏት መልሳ እጅ ነሳችና፣ «ቆዩ፣ የሚቀመስ ላምጣ» ብላ ገባች።

ጠላውን በገንቦ ይዛ ስትወጣ የመጥረቢያ ድምፅ ሰማች።

ገንቦውን መሬት አስቀመጠች። አልጮኸችም። አባቴ ሁልጊዜ የሚገርመው ይሄ ነበር፤ አልጮኸችም።

«ሽባባው፣ ጌሾዬን ማን ቁረጡ አለ?»

«እርስዎ ነዎት እንጂ። ‹ያለው ሁሉ የእናንተ ነው› አላሉም?»

«ብያለሁ። መጀመሪያውን ብያለሁ። መጨረሻው መቼ ወጣ?»

አያ ደርሰህ የሚባሉ የሰፈሩ ሽማግሌ አጥሩ ጥግ ተቀምጠው ነበር። በዱላቸው ተደግፈው ተነሡ።

«ዘርፌ፣ እስቲ ጨርሺው። ምን ልትዪ ነበር?»

«‹ያለው ሁሉ የእናንተ ነው፤ ጌሾው ግን ጉሮሮዬ ነው። በጉብታው ዙሩልኝ፣ እስክትጨርሱም ጠላችሁ በእኔ ነው።› ይህን ነበር የምለው።»

መጥረቢያው አላቆመም። ሽባባው ደብተሩን ገለጠ፤ ከላይ ወደ ታች፣ ከታች ወደ ላይ። ከሠላሳ ሦስቱ አንዷም ለዚህ አልሆነችም። አንድ ጌሾ ወደቀ። ሌላ ወደቀ። በመጨረሻ ደብተሩን ጣለና ሮጠ፤ መጥረቢያ በተነሣበት አንድ ጌሾ ላይ ተጠመጠመ። ሠራተኛው ደንግጦ እጁን ሰበሰበ። ሽባባው ወደ እሷ አፍ ጠቆመ፣ ወደ ራሱ አፍ ጠቆመ፣ ከዚያ የራሱን አፍ በጥፊ መታ። መሐንዲሱ ጥቂት ቆሞ አየው፤ አሮጊቷን አየ፣ ገንቦውን አየ። ቀላ። እጁን አንሥቶ ሥራውን አስቆመ፤ ችካሎቹንም ራሱ እየነቀለ ወደ ጉብታው ሄደ።

ከአርባው አሥራ ሰባቱ ጌሾ ግን ወድቋል።

ካኪው ኮት ቀረ። ሽባባው አሥራ ሰባት ችግኝ ተክሎ፣ ውሃ እያጠጣ፣ ከፍየል እየጠበቀ፣ ሦስት ዓመት ሙሉ ጓሮዋን ተመላለሰ። የሰፈሩም ሴቶች እስኪደርስላት ድረስ ከየጓሯቸው ቅጠል ያካፍሏት ነበር። አልተራበችም፣ ግን የሰው እጅ አየች፤ ይህ ለእሷ ቀላል አልነበረም።

ይህ ሁሉ በኋላ የሆነ ነው። በዚያች ቀን ሽባባው የወደቀውን ጌሾ እየሰበሰበ፣ ቀና ብሎ ሊያያት እያፈረ፣ «እኔ እተክልልዎታለሁ፣ እመት» አላት።

«ጌሾ ሦስት ዓመት ይፈልጋል ልጄ። አንተ ጠላ እስክቀዳ መታገሥ አልቻልክም።»

«እኔ እኮ ከራሴ አልጨመርኩም» አለ፣ እንባው እየመጣ። «ያሉትን ነው የነገርኩት። አያ ደርሰህ፣ እርስዎ ይፍረዱኝ፤ ያላሉትን ተናገርኩ?»

አያ ደርሰህ አንዱን የተቆረጠ ቅርንጫፍ ከመሬት አነሡ፤ ቅጠሉን በጣታቸው አሹት፣ አሸተቱት፣ ከዚያ ቀስ ብለው እንዲህ አሉ፦ «አልዋሸህም ልጄ፤ ግን የቸኮለ አስተርጓሚ በምርቃት ጌሾ ያስቆርጣል።»