ቋንጣ ለማጨት ደጅ የጠኑት ድመቶች

ተረት ተረት ልላችሁ ነው። ላም ያላችሁ «የላም በረት» በሉ፤ ላም የሌላችሁ ዝም ብላችሁ ተጠጉ። ድመት ያላችሁ ደግሞ ድመታችሁን ከጭናችሁ አውርዱ፤ ተረቱ ስለ ዘመዶቹ ነውና ሰምቶ እንዲኮራ አልፈልግም።

ድሮ ድሮ፣ መጥረጊያ ሥራ ከመጀመሩ በፊት «እንደምን አደራችሁ» በሚልበት ዘመን፣ እመት ጠጂቱ የምትባል ሴት ነበረች። ባሏ ሞቶባት ከአንዲት ልጇ ከስንዱ ጋር ትኖር ነበር። እመት ጠጂቱ ደግ ናት፤ የሰው ፊት ማጥቆር አትወድም። ከዚህ የተነሳ «እሺ» የሚለውም «እምቢ» የሚለውም ቃል ከአፏ አይወጣም። ወንፊት አውሺኝ ያላትን ሁሉ «እንመካከርበት» ትለዋለች። ከማን ጋር እንደምትመካከር እግዜር ይወቀው።

ስንዱን የሸማኔው ልጅ አድማሱ ወደዳት። እሷም ወደደችው። አድማሱ እንደ ወጉ ሦስት ሽማግሌ ላከ፤ መሪያቸው አያ ቢሻው ነበር። ሽማግሌዎቹ መጥተው ደጃፉ ላይ በሰልፍ ቆሙ።

«ግቡ፣ ተቀመጡ» አለች እመት ጠጂቱ።

«ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አለ አያ ቢሻው። «ልጅዎን ስንዱን ለልጃችን ለአድማሱ እንዲሰጡን ልንለምን ነው የመጣነው።»

በዚያ አገር ወግ ልጁን በመጀመሪያው ቀን «እሺ» ብሎ የሚሰጥ የለም፤ ሽማግሌ መመላለስ አለበት። ስለዚህ እመት ጠጂቱ «እንመካከርበት፤ በሳምንቱ ብቅ በሉ» አለች። በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ይህ ቃል በቦታው ዋለ።

ይህን ሁሉ አጥር ላይ ተጋድሞ ፀሐይ የሚሞቅ፣ አንድ ጆሮው የተቆረጠ ድመት ሰማ። ስሙ አያ ውሮ ነው። «ወይ ጉድ!» አለ አያ ውሮ። «እኛ ዘለን ስንገባ በድንጋይ! እነሱ ቆመው ሲጠይቁ በክብር! ለካ ነገሩ በመቆም ኖሯል!»

አያ ውሮ ቡሬ የሚባል የእህት ልጅ አለው። ቡሬ በእመት ጠጂቱ በር ጀርባ፣ አንድ ቀን ለሚመጣው የስንዱ ሠርግ ተብላ ገመድ ላይ የተሰቀለችውን ቋንጣ በፍቅር ወድዶ፣ እህል አልቀምስ ብሎ ጎኑ ከጎኑ ተጣብቋል። እውነቱን ለመናገር የሚቀምሰው እህልም አልነበረውም።

ከሰዓት በኋላ ሦስት ድመቶች መጥተው ደጃፉ ላይ በሰልፍ ቆሙ። እንደ ሽማግሌ ጭራ ይዘዋል። ጭራው የራሳቸው ነው።

«ግቡ፣ ተቀመጡ» አለች እመት ጠጂቱ ከድንጋጤዋ የተነሳ።

«ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አለ አያ ውሮ። «ቋንጣዎን ለልጃችን ለቡሬ እንዲሰጡን ልንለምን ነው የመጣነው። ዘርም ቆጥረናል። ድመትና በሬ እስከ ሰባት ቤት ድረስ አይገናኙም።»

እዚህ ላይ አንዴ «እምቢ» ብትል ተረቱ አልቆ ሁላችንም በጊዜ እንተኛ ነበር። እሷ ግን አያ ውሮን አየችው፤ አንድ ጆሮውን አየችና አንጀቷ አልቻለም። «እንመካከርበት፤ በሳምንቱ ብቅ በሉ» አለችው።

ቋንጣ ከገመዱ ላይ ሆና ሰምታ ኖሮ «እሜቴ፣ ከማን ጋር ነው የሚመካከሩት? እኔን የጠየቀኝ የለም!» አለች። ቀጥላም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ለነገሩ እኔ ደርቄ ቀርቻለሁ፤ ጠያቂ መምጣቱም አንድ ነገር ነው» አለች።

ሰው «በሳምንቱ ብቅ በል» ሲባል ወደ ቤቱ ሄዶ በሳምንቱ ይመለሳል። ድመት ግን የቆመበት ሁሉ ቤቱ ነው። ሦስቱም ሳምንቱን እዚያው ደጃፉ ላይ ሆነው ጠበቁ። በሁለተኛው ቀን አክስት መጣች። በሦስተኛው ቀን የአክስት ክርስትና ልጅ መጣ። በአራተኛው ቀን ማንም የማያውቃቸው፣ «የሙሽራው ወገን ነን» የሚሉ ስድስት ድመቶች መጥተው ተደረደሩ። እዚያው ያድራሉ፣ እዚያው ይጣላሉ፣ እዚያው ይጸዳዳሉ። ደጃፉ ሸተተ፤ ስንዱ ማለዳ ብታጥበው እስከ ረፋድ አይቆይም።

«እማዬ፣ ሽማግሌዎቹ እዚህ ላይ ነው የሚቆሙት?» አለች ስንዱ።

ይህን ጊዜ መጥረጊያ ከጥግ ብድግ አለ። «እሜቴ፣ ለእኔ ይተዉት! አንድ በአንድ ጠርጌ አወጣቸዋለሁ።»

መጥረጊያ ወጣ። አንዱን ድመት መታ። ድመቱ በጀርባው ተገልብጦ አንዱን ጭራሮ ነቀለ። «አማቻችን ተጫዋች ናቸው!» አለ አያ ውሮ ደስ ብሎት። «ሴትየዋ እኮ ልባቸው ተከፍቷል፤ ጉዳያችን ሊሠምር ነው!» ድመቶቹ ሁሉ ተሰብስበው ተጫወቱበት። መጥረጊያ በማግስቱ ተመልሶ ሲገባ እጀታው ብቻ ቀርቶ ነበር። እስከ ዛሬ ስለዚያ ቀን ብትጠይቁት አይመልስም።

የሽማግሌዎቹ ቀን ደረሰ። አሁን ደግሞ በርበሬ ከማሰሮው ውስጥ ጮኸች። «እሜቴ፣ ለእኔ ይተዉት! እኔን ያየ ሁሉ ያለቅሳል።»

በዚህስ አልዋሸችም። እመት ጠጂቱ በርበሬውን ደጃፉ ላይ በተነችው። ድመቶቹ አንድ ጊዜ አነጠሱና አጥር ላይ ወጡ። አንዲት ትንሽ ግልገል ድመት ግን መውጣት አልቻለችም፤ ዓይኗ በርበሬ ገብቶበት እየተንከባለለች ጮኸች። ስንዱ ሮጣ አንስታ ዓይኗን በንጹሕ ውኃ አጠበቻት። እመት ጠጂቱ ይህን አይታ በጣም አፈረች፤ ድመት ይሂድልኝ አለች እንጂ ድመት ይታወር አላለችም።

አፍራ ሳትጨርስ አያ ቢሻውና ጓደኞቹ መጥተው በርበሬው ላይ በሰልፍ ቆሙ። ነፋስ ነፈሰ። አያ ቢሻው «ዛሬ እንኳን መልስ…» ብሎ ሳይጨርስ እንባው ዱብ ዱብ አለ። ሁለተኛው ሽማግሌ ተንሰቀሰቀ። ሦስተኛው ሁለት እጁን ጭንቅላቱ ላይ ጭኖ ጮኸ።

ጎረቤት ከሩቅ አየ። በእመት ጠጂቱ ደጅ ሦስት ትልልቅ ሰዎች ያለቅሳሉ። «ወይኔ፣ ምን መርዶ ነው!» ተባለ። ጥሩምባ ነፊው ጥሩምባውን ነፋ። እድርተኛው ድንኳኑን ተሸክሞ መጥቶ ተከለው። ንፍሮ ተቀቀለ። አልቃሿም ነጠላዋን አዘቅዝቃ መጣችና ማን እንደሞተ መጠየቅ ነውር ስለሆነባት እንዲሁ ጀመረች፦

«ስሙን ባላውቀውም የሄደውን ጀግና፣
ሽማግሌ አስለቅሷል ትልቅ ሰው ነውና።»

ሕዝቡ ደረቱን መታ። በመጨረሻ የእድሩ ዳኛ ወደ እመት ጠጂቱ ጆሮ ጠጋ ብሎ «እንደው ለመሆኑ ማን ነው የሞተው?» አላት።

ይህን ሁሉ ሰው «ማንም አልሞተም፣ ወደየቤታችሁ ሂዱ» ማለት እንዴት ይቻላል? ፊቱን ማጥቆር ሆነባት። «እንመካከርበትና እንነግራችኋለን» አለችው።

ሕዝቡም ምክክሩን እየጠበቀ እስከ ማታ ንፍሮ ሲበላ ዋለ። ድመቶቹም ከአጥር ወርደው ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጠው አብረው አለቀሱ።

አያ ቢሻው ዓይኑን እየጠራረገ ተነሣ። «እመት ጠጂቱ፣ ለቅሶ ቤት የሠርግ ነገር አይነሣም። በሳምንቱ ለሦስተኛ ጊዜ እንመጣለን። አራተኛ የለም፤ ያን ቀን ቁርጥ ያለ መልስ ካላገኘን ሌላ ደጅ እንሄዳለን» ብሎ ሄደ።

ስንዱ በር ጀርባ ቆማ አለቀሰች። እናቷ ስትመጣ «በርበሬው ነው» አለች። በርበሬው ግን እዚያ ድረስ አልገባም ነበር።

ሰዉ ሁሉ ሲሄድ እመት ጠጂቱ የበሯ ደፍ ላይ ቁጭ አለች። ደፍ ማለት ስንገባ ስንወጣ የምንረግጠው እንጨት ነው። የዚህ ቤት ደፍ አያቷ ያስገቡት ወይራ ነው፤ እሷ ገና ስትድህ ያውቃታል።

«ምነው ጠጂቱ?» አላት ደፍ።

«ድመቶቹ አልሄድ አሉኝ።»

«እንዴት ይሂዱ? ሽማግሌ እኮ ናቸው። ሽማግሌ ደግሞ መልስ ሳይሰማ አይሄድም። እኔ ሰውም ድመትም ሲቆምብኝ ኖሬአለሁ፤ ተመትቶ የሄደ ይመለሳል፣ ቁርጡን ሰምቶ የሄደ ግን አይመለስም። በይ ቋንጣዋን ከበሩ ጀርባ አውርደሽ ጓዳ አስገቢያት፤ ሽታዋን እየሳቡ ሂዱ ብትያቸው ማን ይሰማሻል? እኔን በሙቅ ውኃ እጠቢኝ። ጓሮ ደግሞ ከእንጨት ክምሩ ጀርባ ጥሩ አፈር ቆፍረሽ አለስልሺላቸው፤ እነሱም የሚቀመጡበት ያጡ ፍጡራን ናቸው። ከዚያ መልሳቸውን ስጪ።»

«እኔስ?» አለ ከወደ ቅርጫቱ አንድ ቀጭን ድምፅ። የብርቱካን ልጣጭ ነበር። «እኔ እንደ መጥረጊያ አልመታም፤ እንደ በርበሬም አላቃጥልም። ግን የድመት አፍንጫ አይወደኝም። ብወደድ ደስ ባለኝ፤ አልሆነም።»

«አንተን እበትናለሁ፤ አፈሩንም እቆፍራለሁ» አለች እመት ጠጂቱ። «መልሱ ነው የከበደኝ። ‹እምቢ› ብዬ አላውቅም።»

«ተለማመጂ» አላት ደፍ።

ሳምንቱን ሙሉ ተለማመደች። ለወፍጮው «እምቢ» አለችው፤ ወፍጮው ምንም ሳይጠይቅ ስለተከለከለ አኮረፈ። ለአውራ ዶሮው «እምቢ» አለችው፤ እሱም ደንግጦ ሁለት ቀን ሳይጮህ ቀረ፣ ሰፈሩም አርፍዶ ተነሣ። ለማሰሮው «እምቢ» ስትለው «ልክ ነዎት እሜቴ» አላት።

የሦስተኛው ቀጠሮ ቀን ማለዳ ቋንጣዋን ጓዳ አስገባች። ደፉን አጠበች። ከዚያ ወደ ድመቶቹ ዞረች። አሥራ አንድ ድመት በሰልፍ ቆሟል።

«አያ ውሮ» አለች። «ቋንጣዬን አልሰጣችሁም። የልጄ ሠርግ ናት። እምቢ።»

አያ ውሮ ከእግሩ ጥፍር ጀምሮ ተነፈሰ።

«እፎይ!» አለ። «እመት ጠጂቱ፣ እግዜር ይስጥዎ! ሁለት ሳምንት ሙሉ ቆመን ወገባችን ተቆርጦ ነበር። ያለ መልስ ብንሄድ ‹ወግ የማያውቁ› እንባላለን፤ እንዳንሄድ ታስረን ነው የቆየነው። ይችን ቃል ያኔውኑ ቢነግሩን የማን ዓይን ይቃጠል ነበር?»

«አጥፍቻለሁ» አለች እመት ጠጂቱ፤ እውነቷን ነው። ጓሮ ያለውን አፈር አሳየቻቸው፤ የአጥንት ፍርፋሪም በዚያ በኩል እንደሚቀመጥላቸው ነገረቻቸው። ድመቶቹ ተመራርቀው ሄዱ። ልጣጩን ደጃፉ ላይ በተነችው። ቡሬ አንድ ቀን ሙሉ አለቀሰና በማግስቱ ለጎረቤት ዱለት ሽማግሌ ላከ።

ረፋዱ ላይ አያ ቢሻውና ጓደኞቹ መጡ። ደፉ ንጹሕ ነው፤ ደጃፉ ብርቱካን ብርቱካን ይላል። ሦስቱም ለማንኛውም ብለው መሐረባቸውን ይዘው ቆሙ።

«እመት ጠጂቱ፣ ቁርጡን ይንገሩን።»

አፏን ከፈተች። «እንመካ…» አለች። ስንዱን ከሰጠች ቤቱ ውስጥ ከወፍጮው ጋር ልትቀር ነው፣ ወፍጮውም አኩርፏታል። «እንመካከርበት» ያለችው ሁሉ ለካ ይህን ቀን ለመግፋት ኖሯል። ከበሩ ጀርባ የስንዱ ትንፋሽ ቆመ። ደፉ ሲጢጥ አለ።

«እሺ» አለች እመት ጠጂቱ እንባዋ እየወረደ። «ሰጥቻችኋለሁ። ግቡ፣ ተቀመጡ።»

«በርበሬ ነው እንዴ?» አለ አያ ቢሻው ፈራ ተባ እያለ።

«አይደለም» አለችው።

ሠርጉ ተሠረገ። ቋንጣ በወግ በማዕረግ ወጥ ሆነች፤ ሽማግሌዎቹም ጣታቸውን ላሱ። አጥንቱ በጓሮ በኩል ሄደ። ስንዱ ከአድማሱ ጋር ወደ ቤቷ ሄደች፤ የእመት ጠጂቱም ቤት ጭር አለ።

በማግስቱ ያቺ ዓይኗ በርበሬ የገባባት ትንሽ ድመት ብቻዋን መጣች። ልጣጩን በሩቁ ዞራ ቆመች።

«ደግሞ ማንን ልትጠይቂ መጣሽ?» አለቻት እመት ጠጂቱ።

«ማንንም። አብሬዎት ልቀመጥ ብዬ ነው።»

ድሮ ቢሆን ይህ የአንድ ሳምንት ምክክር ነበር። «እሺ፣ ግቢ» አለች ወዲያው። «ግን በጓሮ በር ዙሪ፤ ደጃፌን ገና ማጠቤ ነው።»

ስለዚህ ልጆቼ፣ ደጅ የቆመን መልስ ይሸኘዋል እንጂ መጥረጊያ አይሸኘውም። እኔም ተረቴን ጨርሼ ደጃችሁ ቆሜአለሁ፤ አፌን በዳቦ የምታብሱ አብሱ፣ የማታብሱም «የለንም» በሉኝና ልሂድ። «እንመካከርበት» ያለኝን ግን አሥራ አንድ ሆኜ እመጣበታለሁ።