የዳልቺት መኪና ቀይ ዓይን

አንድ ጊዜ፣ አህያ መኪና በነዳችበት ዘመን፣ ዳልቺት የምትባል አንዲት አህያ ነበረች። ጀርባዋ ከውርንጭላነቷ ጀምሮ አርፎ አያውቅም። እህል ቢሉ እሷ፣ አሞሌ ጨው ቢሉ እሷ፣ ማገዶ ቢሉ እሷ! አንዱ ገጣባ ሳይሽር ሌላው ይመጣል። አንድ ቀን ታዲያ፣ ከየት እንዳመጣቻት እግዜር ይወቅ፣ ኋላዋ ክፍት የሆነች አሮጌ የጭነት መኪና እየነዳች ሰፈር ገባች።

አሮጌ ናት ስላችሁ ለጨዋታ እንዳይመስላችሁ። በሯ የሚዘጋው በገመድ ነው። ጥሩምባዋ ጉንፋን እንደያዘው ፍየል ያስላል። ዳገት ስትወጣ ኤሊ «ደህና ዋይ» ብላ ታልፋታለች። ግን ትሄዳለች! ያውም ጭነቱን ተሸክማ። ለዳልቺት ከዚህ በላይ ምን ያስፈልጋታል? መደላድሏን አውልቃ ሾላው ዛፍ ላይ ሰቀለችው። ጭነት የሚያስሩባትን ረጅም የጠፍር መጫኛም ጠቅልላ ከጎኑ አንጠለጠለችው። ጀርባዋ ሻረ፤ በገጣባው ላይ ጠጉር በቀለበት። በየጠዋቱ ወንዝ ወርዳ፣ ዞር ብላ ጀርባዋን በውኃው እያየች «እሰይ የኔ ቆንጆ!» ትላለች፣ ሌላ የሚላት ስለሌለ።

ትንሽ እንደቆየ የመኪናዋ ቺንጋ ተበጠሰ። ቺንጋ የሚሉት ሞተሩ ሲዞር ዲናሞውን አብሮ የሚያዞረው ቀበቶ ነው፤ ባትሪውን የሚሞላው ደግሞ ዲናሞው ነው። ዳልቺት ይህን ሁሉ መቼ አወቀችው! እሷ ያየችው አንድ ቀበቶ መበጠሱን ብቻ ነው። ሮጣ ሄዳ ከመጫኛው ጫፍ በጥርሷ ቆረጠችና በቦታው አሰረችው።

«ዕድሜዬን ሙሉ እኔን ጠፍሮ አሠራኝ» አለች፤ «ደግሞ እስቲ ለእኔ ይሥራ!»

ሠራም። መኪናዋ እንደ ድሮዋ እያሳለች ትሮጥ ጀመር።

መኪና ካለ ሌባ አለ፤ ሌባ ካለ ዘበኛ ያስፈልጋል። ማንን ቀጠረች መሰላችሁ? ጅብን! ሳቁ፣ ግድ የለም፤ ሰፈሩም ስቋል።

«ዳልቺት እህቴ» አላት ጅብ ምራቁን እየዋጠ፣ «እኔ እንደሆንኩ ሥጋ ከተውኩ ቆየሁ። ጥርሴ እምቢ ብሏል። አሁን የምፈልገው ለወገቤ ሙቀት ብቻ ነው። ከሞተሩ ሥር ልተኛና መኪናሽን ልጠብቅልሽ።»

«እኔንስ?»

«አንቺንማ እንደ ታናሽ እህቴ!»

«ለመሆኑ ታናሽ እህትህ የት አለች?»

ጅብ ወደ ሰማይ አየ። «እሱ ረጅም ታሪክ ነው» አለ።

ዳልቺት ከዚያን ዕለት ጀምሮ መኪናዋ ውስጥ ገብታ፣ በሩን በገመዱ ጥርቅም አድርጋ አስራ መተኛት ጀመረች። ሞኝ ብትሆንም ይህን ያህል ሞኝ አይደለችማ!

ጣጣው የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። አንድ ጠዋት ቁልፉን ስታዞር፣ መኪናዋ «ክርርር… ክርር… ክር» አለችና ጭጭ። ዳልቺት ወርዳ ዞረቻት። ለመነቻት። ሰደበቻት። ደግሞ ስድቡ ቆጫትና ጎማዋን ዳበሰችላት። ጭጭ!

ጅብ ከሞተሩ ሥር ከንፈሩን እየላሰ ብቅ አለ።

«ምን በልተህ ነው የምትልሰው?»

«ሕልም» አለ ጅብ። «ሰርግ ላይ ነበርኩ።»

ይህን ሲባባሉ ቀበሮ ደረሰች። ቀበሮ የሰው ችግር ከሩቅ ይሸታታል። ወጌሻ ሲፈለግ ወጌሻ ናት፣ ሽማግሌ ሲፈለግ ሽማግሌ ናት፤ ያን ሰሞን ደግሞ መካኒክ ሆናለች። ጆሮዋን ኮፈኑ ላይ ለጥፋ አዳመጠች። ጎማውን ረገጥ ረገጥ አደረገች። ከዚያ ሐኪም ዘመድ ሲያረዳ እንደሚያደርገው ራሷን ነቀነቀች።

«ባትሪው ነው» አለች።

«ምን ሆነ?»

«አርጅቷላ! ማን የማያረጅ አለ? አዲስ አመጣልሻለሁ። ለእኔ ካሉሽ ዶሮዎች አንዷ ትበቃኛለች። ብቻዬን ስሆን ታጫውተኛለች።»

ኮፈኑን በኩታዋ ከልላ ከፈተችና ባትሪውን አውጥታ መሬት ላይ አኖረችው። ዳልቺት ስታየው ደሟ ፈላ። «አንተ ነህ እኔን በሰው ፊት የምታዋርደኝ?» ብላ በኋላ እግሯ አንድ ጊዜ አቀመሰችው። የኮቴዋ ምልክት ጎኑ ላይ ታትሞ ቀረ።

ቀበሮ ባትሪውን ታቅፋ፣ ዶሮዋን አስከትላ ወንዙን ተሻገረች። ፀሐይ ሳትጠልቅም ጥቁር ቀለሙ ገና ያልደረቀ «አዲስ» ባትሪ ይዛ ተመለሰች። ዶሮዋን ግን ማንም ሁለተኛ አላያትም። ባትሪው ሲገጠም መኪናዋ ዘላ ተነሳች!

«እመት ቀበሮ፣ ይሄ ሰሞኑን በርቶ እምቢ አልጠፋም ያለው ቀይ መብራትስ ምንድን ነው?» ብላ ጠየቀች ዳልቺት፣ ከመሪው ሥር እያሳየች።

«እሱማ ዓይኗ ነው! ደስ ሲላት ታበራዋለች። የጠፋ ለት ነው ማልቀስ። ደግሞ አደራሽን፣ ኮፈኑን እንዳትከፍቺ፤ ባትሪው ብርድ ይመታዋል።»

ዳልቺት ደስ አላት። ቀዩን መብራት ባየች ቁጥር «ዓይንሽ አይጥፋ!» እያለች መኪናዋን ትመርቃለች። መኪናዋም አንድ ቀን ሮጣ፣ በነጋታው ክርርር… ጭጭ። ሌላ ባትሪ መጣ፤ ሌላ ዶሮ ሄደች። ደግሞ ክርርር… ጭጭ። ባትሪ ሲመጣ ዶሮ ሲሄድ፣ ባትሪ ሲመጣ ዶሮ ሲሄድ፣ ከዳልቺት ቤት አውራ ዶሮው ብቻ ቀረ። እሱም የቀበሮን ጅራት ገና ከሩቅ ሲያይ ጣራ ላይ ይወጣል። ጅብ በየጠዋቱ ከንፈሩን ይልሳል። የሕልሙ ሰርግ አላልቅ ብሎታል።

እውነተኛው ሰርግ ደግሞ ደረሰ። አንበሳ ልጁን ሊድር ነው። የድግሱ እህል ወንዝ ማዶ ወፍጮ ቤት ሄዶ መፈጨት አለበት። በቀጠሮው ጠዋት አንበሳ ራሱ መጣ፤ ከረጢቱ ሁሉ መኪናዋ ላይ ተጫነ። ዳልቺት ቁልፉን አዞረች።

ክርርር… ጭጭ።

«እምቢ አለች?» አለ አንበሳ።

«ኧረ ትነሳለች ጌታዬ፤ እንቅልፏ እስኪለቃት ነው።»

ክር። ጭጭ።

አንበሳ ቢቆጣ ይሻል ነበር። እሱ ግን እንደ አባት ለስለስ ብሎ «ልጄ፣ ሰርግ መኪና አይጠብቅም» አላት። «እንግዲህ እንደ ድሮሽ በጀርባሽ እየተመላለስሽ ታደርሺዋለሽ። ያን መደላድል አውርዱት!»

 በዳልቺት ገጣባ ላይ የበቀለው ጠጉር፣ ያ በየጠዋቱ በወንዝ ውኃ የምታየው ጠጉር፣ ቆመ። ጅብ ማንም ሳይቀድመው ወደ ሾላው ሮጦ መደላድሉን አወረደ። መጫኛውንማ ደረቱ ላይ እንደ ልጅ አቅፎት መጣ።

«ምን ያጨቃጭቃል?» አለች ቀበሮ ጣልቃ ገብታ። «ሌላ ባትሪ ላምጣ። ያን አውራ ዶሮ ብቻ ከጣራው…»

«በሕግ አምላክ!» አለ አውራ ዶሮው ከላይ።

ዳልቺት አውራ ዶሮውን አየች። መደላድሉን አየች። ንዴቱ ከኮቴዋ ተነስቶ ጆሮዋ ጫፍ ደረሰ። «መጫኑንስ ልጫን፤ ይህን ባትሪ ግን ሳልረግጠው አልሄድም!» ብላ ኮፈኑን በጥርሷ ብድግ አደረገችው።

«ብርድ!» ጮኸች ቀበሮ። «ኧረ ብርድ ይመታዋል!»

ዳልቺት እግሯን አነሳች። አንስታም ቀረች። ባትሪው ጎን ላይ፣ ከቀለሙ ሥር፣ የኮቴ ምልክት አለ። ኮቴዋን አስጠግታ ለካችው። ልክክ!

«ይሄ እኮ የፊተኛው ባትሪ ነው» አለች።

«መንታ ናቸው» አለች ቀበሮ።

«ሁለቱንም እኔ ረግጫቸው ነው?»

ቀበሮ ባትሪውን በኩታዋ ልትሸፍነው ተንጠራራች። 

ዳልቺት ግን ልቧ ከቀበሮ ላይ ተነስቶ ሌላ ቦታ ሄዷል። ጆሮዎቿ አንዱ ወደ ፊት፣ አንዱ ወደ ኋላ ሆኑ፤ አህያ ስታስብ እንዲህ ናት። «ቆይ እስቲ» አለች። «ባትሪው ያው ከሆነ፣ ሞልታ ስታመጣው ደግሞ አንድ ቀን የሚሠራ ከሆነ፣ አልሞተም ማለት ነው። ርቦት ነው! እንስራው ደህና ሆኖ በየጠዋቱ ባዶውን ከተገኘ፣ ጥፋቱ የእንስራው ነው? ውኃ ቀጂዋ ብትቀር ነው እንጂ!»

«ማን ናት ውኃ ቀጂዋ?» አለ አንበሳ፣ እሱም አንገቱን አስግጎ።

ዳልቺት ከባትሪው የሚወጣውን ሽቦ በአፍንጫዋ እየተከተለች ሄደች። ሽቦው ዲናሞው ላይ አደረሳት። የዲናሞውን መዘውር በከንፈሯ ነካ ብታደርገው ብቻውን ዞረ፤ የሚይዘው የለም። ያ እንደ ጣት የወፈረ የጠፍር ቺንጋ ቀጥኖ ቀጥኖ የጫማ ክር አክሏል። ዳር ዳሩ ተግጧል። ሞተሩ ቢዞር እሱ ይንሸራተታል እንጂ ዲናሞውን የት አባቱ ያዞረዋል!

«አይጥ በልቶት ይሆን?» አለ አንበሳ።

«ይሆናል ጌታዬ» አለች ዳልቺት። «አይጥ የላም ቆዳ ይወዳል።»

እዚህ ላይ ጅብ ዝም ማለት ነበረበት። ዝም ቢል ኖሮ ነገሩ በአይጥ ተሳብቦ ይቀር ነበር። ግን ስለ መብል ሲወራ ጅብ ዝም ያለው መቼ ነው?

«የምን ላም?» አለ ተቆጥቶ። «የበሬ ነው እንጂ! የላም ቆዳ እኮ ለስለስ ብሎ አፍ ላይ ይጠፋል። ይሄኛው ደህና አድርጎ ይታኘካል። ደግሞ አሞሌ ሲታሰርበት የኖረ ስለሆነ ጨው ጨው ይላል፤ በተለይ በግራ በኩል…»

የሰፈሩ ጆሮ ሁሉ ቆመ።

«ቀጥል» አለ አንበሳ።

«…ብለው ሲያወሩ ሰማሁ» አለ ጅብ።

«ሥጋ ትቻለሁ አላልከኝም?» አለች ዳልቺት።

«ይሄ ሥጋ ነው እንዴ? ቀበቶ ነው እኮ!»

አንበሳ ሳቁን ለመዋጥ ጎፈሩን አራገፈ። «ወይ ጉድ! አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሉ የለ? እኛም ጅብን ትተን ባትሪ ስንረግጥ ከረምን።»

«ጌታዬ» አለች ዳልቺት፣ «ተረቱን እንኳ ቢቀይሩት።»

ወዲያው የአሮጌ ጎማ ውስጠኛ ላስቲክ ተፈልጎ መጣ። አንበሳ በጥፍሩ እንደ ቀለበት ቆረጠው፤ ዳልቺት በቺንጋው ቦታ ወጥራ አስገባችው። ጅብ ጠጋ ብሎ በምላሱ ቀመሰና ተፋ።

«ጎማ! ይሄ ይበላል?»

«ስለማይበላ ነው የመረጥኩት» አለች ዳልቺት።

ከዚያ ሁሉም ከኋላ ተሰልፎ ገፋ፤ ጅብ በግራ፣ ቀበሮ በቀኝ። መኪናዋ ቁልቁለቱ ላይ «ድርርርር» ብላ ተነሳች። ዳልቺት ወደ መሪው ሥር አየች። ቀዩ መብራት ጠፍቷል!

«አላልኩም?» አለች ቀበሮ ከኋላ። «ዓይኗ ጠፋ!»

«ሞተች?» አለ ጅብ። «ነፍስ ይማር። የመቀመጫው ቆዳ የእኔ ነው።»

ግን የሞተች መኪና ትዘፍናለች? ሞተሩ እያዜመ ነው። ዳልቺት ነዳጁን ረገጥ አደረገች፤ ጭላንጭል ሆኖ የከረመው የፊት መብራት ቦግ አለ። ደግማ ረገጠች፤ ቦግ! ነገሩ ያን ጊዜ ገባት፤ ቀዩ መብራት የሚበራው ለካ ባትሪው የሚሞላው ሲያጣ ነው። መሪውን በአፍንጫዋ ዳበሰችው።

«ይቅር በይኝ እናቴ» አለች። «ድረሱልኝ እያልሽ ስታለቅሺ፣ እኔ ዓይንሽ አይጥፋ እያልኩ ስመርቅሽ ከረምኩ።»

አንበሳም ፈረደ። ቀበሮ ከረጢቱን ሁሉ ወፍጮ ቤት ድረስ ሄዳ ታወርዳለች፤ አለቃዋ አውራ ዶሮው ነው። አውራ ዶሮው ከጣራው ወርዶ የፊት ወንበር ላይ ጉብ አለ። «ጅብ ደግሞ» አለ አንበሳ፣ «ከመኪናዋ ላይ አንዱን ከረጢት በጀርባው ይዞ ይከተላል። መደላድሉን ጣሉበት! በመጫኛው ጠፍራችሁ እሰሩት!»

መደላድሉ ጅብ ላይ ተጣለ። ከረጢቱም ተነሳ። መጫኛውስ? መጫኛው የት ሄደ? ዙሪያውን ቢፈልጉት የለም። ኋላ ሁሉም ወደ ጅብ ዞሩ። ከአፉ ጥግ አንዲት የጠፍር ጫፍ ተንጠልጥላለች። ጅብ ሲያዩት ጊዜ ሳብ አድርጎ ዋጣት።

«ይህን ጉሮሮ!» አለ አንበሳ። «በሰፈራችን ያለው መጫኛ እሱ ብቻ ነበር። ከእንግዲህ ጀርባ ላይ በምን ይጫናል?»

በምንም። ዳልቺት ይህን ስትሰማ አንገቷን በመስኮት አውጥታ፣ ጥርሷን እስከ ድዷ ገልጣ ሳቀች። «ሂ-ሃ! ሂ-ሃ!» እስከ ዛሬ አህያ እንዲያ የምትለው ያን ቀን እያስታወሰች ነው ይባላል። ከዚያ ያን ጉንፋናም ጥሩምባዋን ነፍታ፣ ጠጉሯ ሳይነካ፣ ወንዙን ተሻገረች።

ከዚህ የምንማረው፣ ቤታችን ያለው ነገር በየጠዋቱ ሲጎድልብን አዲስ ዕቃ ፍለጋ ከመሮጣችን በፊት፣ ጎንበስ ብለን የሚሞላው ማን እንደቀረ፣ የሚልሰውስ ማን እንደሆነ ማየት እንደሚገባን ነው።